ለሰማንያ ልጅ የጻፍኩት መጨረሻ

ሐምሌ 3

አልተባረርኩም። ስንቴ ልናገር? ተባረረች የሚል ካለ ይምጣና ፊቴ ይበለው። ሰው ተባረረ የሚባለው «ውጪ» ሲሉት ነው። እኔን ማንም ውጪ አላለኝም። በራሴ እግር ወጣሁ፣ በሩንም በራሴ እጅ ዘጋሁት። መስታወቱ መርገፉ የበሩ ጥፋት ነው፤ ድሮም ላልቶ ነበር።

አክስቴ ናት ዛሬ ያናደደችኝ። እማዬን ልትጠይቅ መጥታ፣ ጓዳ መሆኔን እያወቀች፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ የተባረረችው ልጅሽ ምን ላይ ደረሰች አለቻት። እማዬ ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ አድራ፣ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ለእህቷ መልስ የምትሰጥበት አቅም የላትም። ቢሆንም ዝም ማለቷ አንጀቴን አሳረረው። ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ግንቦት ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን «የማውቀው ሰው» የሚል ድርሰት አዘዘን። ስለ እማዬ ጻፍኩ። በረኪና በረኪና የሚሸት እጇን፣ ቤት ውስጥ የኛን ልብስ ግን ተኩሳ የማታውቅ መሆኗን። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሲመልስልኝ ውጤት የለውም፤ ከታች በቀይ «ይህ የማን ነው?» ብሎበታል። ክፍሉ እየሰማ ጠየቀኝ። የኔ ነው አልኩት። «እስቲ፣ እንደገና፣ አስቢበት» አለኝ። እንዲህ ነው የሚያወራው፣ በየቃሉ ቆም እያለ። ተማሪው ሁሉ ኮማ የሚለው ለዚህ ነው።

አሰብኩበት። አራት ቦታ ቀድጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ወጣሁ። ወላጅ ይዛ መጥታ ይቅርታ ትጠይቅና ትመለስ ብለዋል አሉ። ይቅርታ ጠያቂው ማን መሆን እንዳለበት እንኳን አያውቁም።

አሁን ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ደስ ብሎኛል። ማሽን የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የሰጡትን ይገለብጣል።

ሐምሌ 6

ዛሬ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ኮማ። በየመንገዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ሞልቶ።

ጋሼ ከበር ተቀበሉት። ጋሼ የቤቱ ባለቤት ናቸው። ጣታቸው በማሽኑ ቀለም፣ በቶነር፣ ጠቁሮ የቀረ፣ ማሽኑን «በይ እሺ በይ፣ አታሳፍሪኝ» እያሉ የሚያባብሉ ሽማግሌ። ኮማ ከፌስታል ውስጥ አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አወጣ። ለአስራ አንደኛ ክፍል ገቢዎች የክረምት ንባብ ነው። ሁሉም ክረምቱን ያነባል፣ የንባብ ደብተር ይጽፋል፣ መስከረም ላይ ያስረክባል። ልጁ ሰማንያ ነው፤ መጽሐፉ ደግሞ አንድ። ከአራት ዓመት በፊት ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተባዛው፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሌላ ነበር የሚያስነብቡት።

ለዓርብ ይድረስልኝ እያላቸው ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«እዚህ፣ ነሽ?» አለኝ።

«አይ፣ ቅጂዬ ነው» አልኩት።

ጋሼ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑ። ኮማ አልሳቀም። ተጠንቀቂ፣ ሌላ የለንም ብሎ ሄደ። ከኋላው ሳየው የኮቱ ክርን ተጥፏል። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሐምሌ 8

የተረገመ ቀን። በአጭሩ።

ጋሼ መለዋወጫ ፍለጋ ሄደዋል። የጋሼ ሕግ፦ አሮጌ መጽሐፍ ስፌቱ ይፈታል፣ ገጹ አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ይተኛል። የማሽኑ አናት ላይ ያለው ወረቀት ጎታች አሮጌ ወረቀት አይነካም። ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል፤ «በፍጹም»፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት።

አንድ በአንድ አስተኛሁ። ወገቤ ተቆረጠ። አስራ ሁለት ቅጠል ሲቀረኝ የድሮ ክፍሌ ሁለት ልጆች መታወቂያ ኮፒ ሊያደርጉ መጡ። አንዷ አዘነችልኝ። «አንቺ እኮ እንግሊዝኛ ጎበዝ ነበርሽ» አለችኝ። ነበርሽ። እንደ ሟች።  ገና ከደረጃው ሳይወርዱ የቀረውን ሰብስቤ ለጎታቹ ሰጠሁት።

አስራ አንዱን ዋጠ። አስራ ሁለተኛውን በላው።

የመጽሐፉ መጨረሻ ቅጠል። ፊትና ጀርባ። ጎትቼ ሳወጣው ጥቁር ጭድ።

ጋሼ ነገ ማታ ይመለሳሉ።

ሐምሌ 9

የሱቁ ኮምፒውተር ላይ መጨረሻውን ፈለግሁ። የሽፋኑ ፎቶ ብቻ ነው ያለው። ለጋሼ ብነግራቸው ለትምህርት ቤቱ ይናገራሉ፤ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፤ ኮማም «ድሮስ፣ ከእሷ፣ ምን ይጠበቃል» ይላል። ከሁሉም ይቺ የመጨረሻዋ ናት ያቃጠለችኝ።

ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጽሐፉን አነበብኩት። ጠዋት ጀምሬ አስር ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ደንበኛ ሲመጣ «መብራት የለም» እላለሁ፤ አምፖሉ አናቴ ላይ እየበራ።

ታሪኩ የአንዲት ሴትዮ ነው። ሐዲዱ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ባቡር ሲመጣ አግዳሚውን እንጨት ታወርዳለች፣ ሲያልፍ ታነሳለች። ሠላሳ ዓመት። ልጇ ተጣልቷት በዚያው ባቡር ሄዷል። በየቀኑ ፋኖስ ይዛ ቆማ መስኮቶቹን ታያለች። መሃሉ ይንዛዛል። ግን ደህና ነው። እሺ፣ ከደህናም በላይ ነው። ከዚያ መጨረሻው ላይ ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ «እሷም ፋኖሷን» ይልና ገጹ ያልቃል።

ፋኖሷን ምን? ማሽኑ ነው የሚያውቀው።

እኔ እንዲህ አልኩ። ፋኖሷን መሬት አስቀመጠች። አግዳሚውን እንደወረደ ተወችው። ባቡሩ ላይ ወጣች። ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ የቆሙት መኪኖች ጥሩምባቸውን ነፉ። አንዱ አንገቱን አውጥቶ ክፈቺልን እያለ ጮኸ። «ይጠብቁ፤ እኔም ጠብቄያለሁ» አለችና መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። አለቀ። ይቅርታ የለ፣ እንባ የለ። በእንግሊዝኛ፣ ሰባት ጊዜ ነው የጻፍኩት፤ ረቂቁ ከዚሁ ደብተር ኋላ አለ። ፊደሉን አመሳሰልኩ፣ ሰማንያውን አተምኩ። ለዋናው መጽሐፍ ደግሞ አንዱን ቅጠል ሻይ ነክሬ በማራገቢያ አደረቅሁና ከሌላው ጋር ሰፋሁት። ቁርጥ ያረጀ ወረቀት።

አሁን ሳስበው፣ ከአራት ዓመት በፊት የተማረ ሰው ቅጂው ቤቱ ሊኖር ይችል ነበር። ሦስት ቤት ባንኳኳ አገኝ ነበር። ትዝ አላለኝም።

ትዝ ብሎኝ ነበር።

ሐምሌ 11

አስረከብን። ኮማ ጥራዙን አገላብጦ አየ፣ ስፌቱን ነካ፣ ለጋሼ ንጹሕ ሥራ ነው አላቸው። ጋሼ በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ። ኮማ ራሱን ነቀነቀ። ለኔ ይሁን ለማሽኑ አልገባኝም።

ሐምሌ 17

እህቴ ሚጣ ጥራዙን ይዛ አልጋው ላይ ከወጣች አልወረደችም። በአንድ ዓመት ታንሰኛለች። እኔ አንድ ዓመት ታምሜ ስለቀረሁ አንድ ክፍል ነበርን፣ አንድ ዴስክ። አሁን ዴስኩ ሙሉ ለሙሉ የሷ ነው።

የሷ ነገር ከሌላው ይለያል። ሌላ ከተማ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከኛ አንድ ተማሪ ብቻ ይቀበላል። ማደሪያውም መጽሐፉም በነሱ ነው፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ። እማዬ ስለዚህ ነገር የምታወራው ድምጿን ቀንሳ ነው፣ ከተሰማ የሚበር ይመስል። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሚጣና የፋርማሲስቱ ልጅ። የንባብ ደብተራቸውን ቀድመው በነሐሴ መጀመሪያ ያስገባሉ፣ ኮማ አይቶ ለአንዷ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋል።

ሱቅ ውስጥ ዛሬ ሦስት ልጆች ወረፋ ይዘው ስለ መጽሐፉ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ ያስተኛል አለ። ሌላው መጨረሻው ላይ ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩ አለው። ቶነር እየቀየርኩ ስለነበር ቀና አላልኩም። ፊቴ ጠቁሮ ነበር፣ ደግነቱ።

ሐምሌ 26

የሚጣን የንባብ ደብተር ሰርቄ አነበብኩ። እሷ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ።

ግማሹን የጻፈችው ስለ መጨረሻው ነው። ሴትዮዋ የሄደችው ተናዳ አይደለም ትላለች። እየጠበቀች ልጇ ቀድሞ እንዲመጣ ትፈልግ ነበር፣ አሁን ግን ራሷ ቀድማ ልትሄድለት ነው፤ ኩራቷን መሬት ያስቀመጠችው ከፋኖሱ ጋር ነው ትላለች።

አይደለም። እንደዚያ አላልኩም። ስልችት ብሏት ነው የሄደችው። ሰው እንዴት የተጻፈውን ትቶ ያልተጻፈውን ያነባል?

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት።

ነሐሴ 4

ሚጣ አስገባች።

ሥራ በዛ። መልስ ወረቀት፣ መታወቂያ፣ የኪራይ ውል።

በትምህርት ቤቱ በኩል ነው የማልፈው፣ መንገዱ ስለሚያጥር። በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል፣ ያቋረጡ ተማሪዎች እስከ መስከረም 5 ድረስ መመዝገብ ይችላሉ ይላል። ዓይኔ ውስጥ ስለገባ ነው ያነበብኩት።

ጋሼ ዛሬ በአጭሩ መንገድ መምጣት ከጀመርሽ ወዲህ እያረፈድሽ ነው አሉኝ።

ነሐሴ 15

ኮማ ሚጣን አስጠራት። ሁለት ሰዓት ቆይታ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ እማዬ አጠገብ ተቀመጠች፣ «ደብዳቤውን አይጽፍልኝም» አለች። በቃ። እማዬ ለምን ስትላት መጽሐፉን አላነበብሽም አለኝ አለቻት።

ቀስ በቀስ ነው የወጣው። የጻፍሽው መጨረሻ መጽሐፉ ላይ የለም ብሏታል። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት መጽሐፍ ነው፣ ልጁ ከባቡር ይወርዳል፣ እናቱ ፋኖሷን ከፍ ታደርጋለች፣ ይተቃቀፋሉ። አንቺ ይሄን ከየት አመጣሽው? የፋርማሲስቱ ልጅ ግን በትክክል ጽፋለች። በትክክል! ወንድሟ ከአራት ዓመት በፊት የጻፈውን ደብተር ቃል በቃል ገልብጣ ነው፤ ጥራዙን ገልጣ አታውቅም፤ ራሷ ሱቅ መጥታ እየሳቀች ስታወራው ሰምቻታለሁ። ያነበበችው ዋሾ ሆነች፣ ያላነበበችው አንባቢ።

እማዬ «ልጄ፣ ያነበብሽ መስሎኝ» አለቻት። አልተቆጣችም። ዩኒፎርሟን ለብሳ ለሌሊት ተረኝነት ወጣች።

እኔ ምን አልኩ? ምንም። አክስቴ ላይ አፌ የሚከፈት፣ ደንበኛ ላይ የሚከፈት፣ ዛሬ ተዘጋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የእህቴን ብብት ነው ያራገፍኩት።

ነሐሴ 16

ደብዳቤው አዳሪ ትምህርት ቤቱ ጋ እስከ ነሐሴ 20 ጠዋት ሦስት ሰዓት ካልደረሰ ቦታው ለሌላዋ ነው።

ጥራዟን ብታሳየው በቃ ነው። መጨረሻው እዚያው ታትሟል። ራሷ ታስበዋለች። ነገ ይዛው ትሄዳለች። እኔ መናገር የለብኝም።

ነሐሴ 17

አልሄደችም። ቀኑን ሙሉ ልብስ አጠበች። የታጠበውንም ደገመችው።

ማታ ጥራዙን ከትራሷ ስር አወጣሁት። የመጨረሻው ቅጠል የለም። በምላጭ፣ ከስፌቱ ጥግ፣ ጥንቅቅ ተደርጎ ተቆርጧል። እኔ ራሴ እንደዚያ አልቆርጥም።

«ገጹስ?» አልኳት።

«የትኛው ገጽ?»

«ሚጣ።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። «መታጠቢያ ቤቱን ይዘሽ በሩን ስደበድብብሽ ምንድነው የምትይኝ?» አለችኝ።

የምላትን አውቃለሁ። ይጠብቁ፣ እኔም ጠብቄያለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ።

ኮማ መጽሐፉ ላይ የለም ሲላት እዚያው ወንበሩ ላይ ነው የኔ ጽሑፍ መሆኑ የገባት። አፏን የያዘችው ለዚያ ነው። እሱ ደግሞ ዝምታዋን እንደ ማመን ቆጠረው። ወይ እኔን ትሸጣለች ወይ ዋሾ ትባላለች፤ ሁለተኛውን መረጠች፣ እኔን ሳትጠይቅ።

ጮህኩባት። ማን ለምኖሽ፣ ማን ሞግዚት አደረገሽ፣ ቂል አልኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ሥራሽስ?» አለችኝ። «ትምህርቱንም ትተሽ፣ ይሄንንም አጥተሽ ቤት ልትቀመጪ? እማዬ ትሥራ ወይስ አንቺን ትጠብቅ?»

ጥራዙን ትራሷ ስር መለስኩት። 

መብራቱን ካጠፋን በኋላ፣ የተኛች ሲመስለኝ፣ «ደግሞ ጥሩ ነው» አለችኝ። «መጨረሻው።»

ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነሐሴ 18

ለጋሼ ነገርኳቸው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ጎታቹ ውስጥ አስገብተሽው ነው ወይ ብለው ነው። አዎ አልኩ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አዩ፣ እኔን አዩ። ለናሙና ያስቀሩትን ጥራዝ አወጡ፤ እንግሊዝኛዬ ከማሽን መመሪያ አያልፍም፣ ንገሪኝ አሉኝ። በአማርኛ ነገርኳቸው፣ ፋኖሱን፣ ጥሩምባውን፣ መስኮቱን።

«አግዳሚውን ሳታነሳ ሄደች?»

«አዎ።»

«ከኋላ የቆሙትስ ሰዎች ምን አደረጓት?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰባቱም ረቂቅ ውስጥ አልመጣብኝም።

ጋሼ አልተቆጡም፤ መቆጣታቸውን እመርጥ ነበር፣ ቁጣ ሥራዬ ነው። ሰማንያ ልጅ አምኖኝ የወሰደው ወረቀት ነው አሉ። ለትምህርት ቤቱ ራሴ ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ግን ለአስተማሪው አንቺ ቀድመሽ ንገሪው አሉኝ። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ፣ ትምህርት ቤቱ የሚለው እስኪሰማ እንዳልመጣ ነገሩኝ። አስቀመጥኩት። ስወጣ ማሽኗን «በይ እሺ በይ» ሲሏት ሰማሁ። እኔን አይደለም።

ነሐሴ 19፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ የእርስዎ ቤት ደረጃ ላይ

ቲቸር፣

ባለቤትዎ እሱ ለስብሰባ ወጥቷል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል አሉኝ፤ ገብተሽ ጠብቂ አሉኝ። እምቢ ያልኩት ንቄ አይደለም። ፊትዎን ካየሁ እጮሃለሁ፣ ከጮህኩ ደግሞ የሚጠፋው የኔ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይሄን ደብተር ትቼልዎት እሄዳለሁ። በ«እርስዎ» መጻፍ እጄን አሳምሞኛል፤ ከፊት ያለውን ሲያነቡ ምክንያቱ ይገባዎታል። የሰደብኩዎትን ገጽ ልቀደው ብዬ ነበር። ከተቀደደ ግን ሌላውንም አያምኑኝም፣ ይኑር።

ነገሩ ይሄ ነው። የመጽሐፉን የመጨረሻ ቅጠል እኔ አበላሸሁት። ያለውን እኔ ጻፍኩት። ሰማንያውም ጥራዝ ላይ፣ መደርደሪያዎ ላይ ባለውም ላይ ያለው የኔ ነው። ዋናውን ያውርዱና የመጨረሻውን ቅጠል ያሽትቱት፣ ሻይ ይሸታል። ረቂቁ ከደብተሩ ኋላ ነው፣ ሰባቱም፣ ስርዝ ድልዙ ሳይቀር። የእህቴ ጥፋት የሰጧትን አንብባ ማመኗ ብቻ ነው። ጥራዙን ልታሳይዎት ስትችል ያላሳየችው እኔን ፈርታ ሳይሆን ለኔ ፈርታ ነው። የሷን ደብተር እንደገና ያንብቡት፤ እኔ የጻፍኩትን ከኔ በላይ ነው የተረዳችው፣ ይሄን ለማመን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ስለ ሌላዋ ልጅ ምንም አልልም። መሃሉን ይጠይቋት። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ክረምት እግሯን ምን እንዳገኛት ይጠይቋት፣ ያኔ ያውቃሉ።

የግንቦቱን ድርሰት አሁን ባያምኑኝም ግድ የለም። ስለሱ ከሆነ አይደውሉ። ሥራዬንም፣ በሩንም፣ ምዝገባውንም የሚመለከት ነገር ከሆነ አይደውሉ፤ እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል። የምጠይቅዎት አንድ ደብዳቤ ነው፣ ለአንድ ሰው፣ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ መድረስ ያለበት። ደብዳቤውን ይዤ የምሄደው እኔ ነኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እጓዛለሁ።

የስልኩ ቁጥር የደብተሩ ሽፋን ላይ ተጽፏል። የእማዬ ነው፣ ለዛሬ ለምኜ ወስጄዋለሁ፤ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይዛው ለሥራ ትወጣለች፣ ከዚያ በኋላ ቢደውሉ አንሶላ የምትተኩስ ሴት ናት የሚያገኙት፣ እሷ ደግሞ ምንም አታውቅም። ካላመኑኝ እየጠየቁኝ ያረጋግጡ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ፤ እመልሳለሁ፣ አልጮህም። ደብተሩን አንብበው ባይጨርሱም ይደውሉ። እየተናደዱም ቢሆን ይደውሉ። ብቻ ሳይመሽ ይደውሉልኝ።